ፈጣን ቦክሰኛ አይመታም ያለው ማን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ልጆች ቦክስ ሲሠሩ አጠገባቸው የሚቆም ሰው «ፈጣን ቦክሰኛ አይመታም»፣ ማለትም ቡጢው ከባድ አይደለም፣ ከሚለው ክርክር አያመልጥም። ልምምድ አልቆ ሻይ ቤት ሲገባ ይነሣል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላም በስልክ ይመጣል። ሁሌም ያው ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ሰብስቤ ልመልስና ልገላገል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ።

ጋሼ፣ ፈጣን ቦክሰኛ አይመታም የሚባለው እውነት ነው ወይ?

አይደለም። እጁ ፈጣን የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ከሚወራለት በላይ ይመታል። ግን «ፈጣን» ስንል ምኑ ነው የሚፈጥነው? ክንዱ ብቻ ነው ወይስ ከተረከዙ እስከ ትከሻው ያለው አካል? ክንዱ ብቻ የሚፈጥን ሰው ነጥብ ይሰበስብ ይሆናል እንጂ ማንንም አያሳምምም። መላ አካሉ የሚፈጥነው ግን ሌላ ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ሰው ግን አይለቅም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ?

አብዛኛው የዓይን ነገር ነው። ከባድ ቡጢ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ሰውየው እጁን ወደ ኋላ ስቦ፣ ጥርሱን ነክሶ የሚልከው ነው። የልምምድ ከረጢቱ ይወዛወዛል፣ ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ «ወይኔ!» ይላል። ፈጣኑ ሲመታ ይህ ሁሉ የለም። ጧ ጧ፣ እጁ አገጩ ጋ ተመልሷል። ከረጢቱም ብዙ አይሄድም፤ ቡጢው መትቶ ስለተመለሰ እንጂ ስላልመታ አይደለም። መግፋትና መምታት ይለያያሉ። ከረጢት ያወዛወዘ ሁሉ መታ ማለት ቢሆን ኖሮ በሬ ጥሩ ቦክሰኛ ነበር።

ሌላው የመዝገብ ነገር ነው። ፈጣን ቦክሰኛ ምርጫ አለው። በነጥብ እየመራ ከሆነ ለምን ብሎ እግሩን ተክሎ ከሰው ጋር ቡጢ ይለዋወጣል? ዘገምተኛው ግን ካልዘረረ ይሸነፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ለዝረራ ይሄዳል። በመጨረሻ መዝገባቸውን ስታይ የአንደኛው ዝረራ በዝቶ የሌላው አንሶ ታገኘዋለህ፣ እና «ይሄ አይመታም» ትላለህ። ያነሰው ስላልቻለ ይሁን ስላልፈለገ መዝገቡ አይነግርህም።

ደግሞ ፈጣኑ ሲደራርብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቡጢዎች ቀለል አድርጎ ነው የሚልካቸው። ዓላማቸው የተቃራኒውን እጅ ማስነሣት ነው። የሚጎዳው የመጨረሻው ነው። እኛ ደግሞ ቀለል ያሉትን እያየን ፈረድን።

ፍጥነት እንዴት ነው ጉልበት የሚሆነው?

የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያልረሳህ ታውቀዋለህ። የሚንቀሳቀስ ነገር ያለው ጉልበት ክብደቱ ሲጨምር በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን በስኩዌር ነው የሚያድገው። አንዱ ከቡጢው በስተኋላ 5 ኪሎ ክብደት አስከትሎ በሴኮንድ 6 ሜትር ላከ እንበል። ሌላው 3 ኪሎ ብቻ አስከትሎ በሴኮንድ 10 ሜትር ላከ። የመግፋት አቅማቸው፣ ማለትም ክብደቱ በፍጥነቱ ሲባዛ፣ እኩል ነው፣ ሁለቱም 30። የሚያሳርፉት ጉልበት ግን የመጀመሪያው 90 ጁል፣ የሁለተኛው 150 ጁል ነው። ቁጥሮቹን እኔ ለምሳሌ የመረጥኳቸው ቢሆኑም ከእውነታው አልራቁም፤ በኦሎምፒክ ቦክሰኞች ላይ ሲለካ ከቡጢው ጋር አብሮ የሚያርፈው ክብደት በአማካይ 3 ኪሎ ገደማ፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 9 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

ለእኛ አገር ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ስሌት ጅራፍ ይበልጣል። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ያላጮኸ የጎጃም ልጅ አለ? ጅራፉ እጀታው ጋ ወፍራም ነው፣ ጫፉ ደግሞ ክር ያህል ነው። የሚጮኸውም የሚለበልበውም ያ ቀጭኑ ጫፍ ነው፣ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚያልፍ። ጫፉ ግን ብቻውን አልፈጠነም። ክንድህ ጀመረው፣ ወፍራሙ ለቀጭኑ አቀበለው። ቡጢም እንደዚያ ነው፤ እግር ይጀምራል፣ ዳሌ ይቀበላል፣ ትከሻ ይቀበላል፣ እጅ ይጨርሳል። ልዩነቱ፣ ቡጢ ሲያርፍ ከኋላው ያለው ሰውነት ለቅጽበት ጥብቅ ማለት አለበት። ካላለ ድምፅ ብቻ ነው።

በ1980ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ቡጢን የለኩ ባለሙያዎች ያገኙት ይህንኑ ነው። በበሰሉት ቦክሰኞች ከቡጢው ኃይል ወደ 38 በመቶ የሚሆነው ከእግር ነበር የሚመጣው። በጀማሪዎቹ 17 በመቶ ገደማ ብቻ። በሌላ ልኬት ደግሞ የበሰሉት ቦክሰኞች የኋላ እጅ በአማካይ 4,800 ኒውተን ሲመታ የጀማሪዎቹ 2,400 እንኳ አልሞላም። እጥፍ ማለት ነው።

«የሚጥልህ ያላየኸው ቡጢ ነው» ይባላል። ይሄስ?

የኔ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። ቡጢ ሲመጣ ካየኸው አንገትህ ይጠነክራል፣ አገጭህ ይገባል፣ ጥርስህ ይገጥማል። ጭንቅላትህ ከአካልህ ጋር ተያይዞ ስለሚቀበለው ብዙ አይዞርም። ካላየኸው ግን አንገትህ ልል ነው። ጭንቅላት በድንገት ይዞራል፣ አንጎል ራስ ቅሉ ውስጥ ይናጣል፣ መብራት ይጠፋል። ሰውን የሚያስተኛው በአብዛኛው ይህ ድንገተኛ መዞር ነው። ስለዚህ መካከለኛ ኃይል ያለው ግን ያልታየ ቡጢ፣ ታይቶ ከመጣ ከባድ ቡጢ ሊብስ ይችላል።

ፍጥነት የሚገዛልህ ይህንን ነው። የእንግሊዙን ከባድ ሚዛን ፍራንክ ብሩኖን በ1985 ለክተውት ነበር። ቡጢው በሴኮንድ 8.9 ሜትር እየሄደ ያርፋል፣ ከተነሣ በ0.1 ሴኮንድ ውስጥ ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል ይጓዛል። የሰው ዓይን አይቶ እጅ እስኪመልስ 0.2 ሴኮንድ ገደማ ይፈልጋል። ልብ በል፣ ብሩኖ በፍጥነቱ የሚወራለት ሰው አይደለም። እሱ እንዲህ ከሆነ በፍጥነቱ የታወቀው መሐመድ አሊ ምን እንደሚሆን አንተው አስበው። እንግዲህ ቦክሰኛ ቡጢን የሚያመልጠው ቡጢውን አይቶ ሳይሆን ትከሻን፣ እግርን፣ እስትንፋስን አይቶ ነው። እጁን ወደ ኋላ ሳይስብ የሚመታ ሰው ይህንንም ይከለክልሃል።

ምሳሌ ከፈለግህ ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን ውሰድ። በ1957 ቺካጎ ላይ ጂን ፉልመርን በአምስተኛው ዙር በአንድ ግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚላክ ቡጢ) ጣለው፣ ያውም ራሱ ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ። ፉልመር ያኔ እስከዚያች ቀን ተዘርሮ የማያውቅ ድንጋይ ሰው ነበር። የ1965ቱ የአሊና የሰኒ ሊስተን ግጥሚያም አለ። ሊስተን ወደፊት ሲገባ አጭር ቀኝ አረፈበትና በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ «ቡጢው የታለ?» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል። ተሸጧል የሚሉ አሉ። እሱን ለእነሱ ልተወው። ቡጢው ግን ፊልሙ ላይ አለ፣ ቀስ አድርገህ ስታየው ያርፋል።

አሊ በእርግጥ ይመታ ነበር? ዳንሰኛ ነበር እኮ የሚሉት።

56 ጊዜ አሸነፈ፣ 37ቱን በዝረራ። ከሦስት ሁለት ማለት ነው፣ ያውም በከባድ ሚዛን። ይህን ቁጥር የሌላ ሰው ስም ለጥፌበት ባሳይህ «አቤት ቡጢ!» ትል ነበር። በ1966 ሂውስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊልያምስን በሦስት ዙር ያነጠፈበትን ሰዎች ያነሡታል። ዊልያምስ ቀደም ብሎ በጥይት ቆስሎ ስለነበር እኔ ያን ያህል አልቆጥረውም።

እኔ የምቆጥረው አሊ ኪንሻሳ ላይ ከጆርጅ ፎርማን ጋር የተጋጠመበትን ነው። ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እኛ አገር ንጉሡ ከወረዱ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ጆርጅ ፎርማን 25 ዓመቱ ነው፤ 40 ገጥሞ 40ውንም አሸንፏል፣ 37ቱን በዝረራ። አሊን ያሸነፉትን ጆ ፍሬዘርንና ኬን ኖርተንን እያንዳንዳቸውን በሁለት ዙር ነው የጨረሳቸው። አሊ ደግሞ 32 ሞልቶታል።

ሰው የሚያስታውሰው አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ ፎርማን እስኪደክም መጠበቁን ነው። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ግጥሚያውን መልሰህ እይው። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አሊ ቀኝ እጁን ያለ ጃብ (በፊት እጅ የሚላክ ቀጥታ አጭር ቡጢ) በቀጥታ ይልካል። ቀኝ እጅ ሩቅ መንገድ ስለሚሄድ ይታያል፤ ለዚህ ነው በዚያ ደረጃ ያለ ሰው ጃብ ሳያስቀድም እንዲህ የማይደፍረው። የአሊ ግን እየገባ ነበር። ደጋግሞ ሲገባ የፎርማን ፊት እያበጠ ሄደ። ስምንተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል አሊ ከገመዱ ወጣ። ግራ ሁኩ የፎርማንን ጭንቅላት ቀና አደረገው፣ ቀጥታው ቀኝ ተከተለ። ፎርማን ግማሽ ዙር ዞሮ ወደ ሸራው ሄደ። አሊ አንድ ቀኝ ቡጢ አዘጋጅቶ ነበር፤ እየወደቀ ላለ ሰው ግን አልላከውም።

ፎርማን በዕድሜው 81 ጊዜ ተጋጥሟል፣ 5 ጊዜ ተሸንፏል። ከአምስቱ በዝረራ ያሸነፈው ያ «ዳንሰኛ» ብቻ ነው።

ታይሰንስ? ፈጣን ነው ወይስ ኃይለኛ?

ሁለቱም፣ መልሱ እዚያው ነው። ለከባድ ሚዛን አጭር ነበር፣ 1.78 ሜትር፣ 100 ኪሎ ገደማ። ከእሱ የሚከብዱ ብዙ ነበሩ። እንደ እሱ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቡጢ የሚያስከትል ግን አልነበረም። በ1986 በ20 ዓመቱ ትሬቨር ቤርቢክን በሁለተኛው ዙር ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሴኮንድ ጨረሰው። ግን ታይሰን ስለዘረረ ማንም «ፈጣን» አይለውም፣ «ኃይለኛ» ነው የሚሉት። አየህ እንዴት እንደሚሠራ? ፈጣኑ ከዘረረ ስሙ ይቀየርለታል።

እሺ፣ ፈጣን ሆኖ የማይመታ የለም ነው የምትለን?

አለ። ሞልቷል። እግሩ ቆሞ ክንዱ ብቻ የሚሮጥ፣ ቡጢው ሳያርፍ እጁን መመለስ የሚጀምር፣ በጓንቱ ውስጠኛ ክፍል የሚያጨበጭብ ሁሉ ፈጣን ነው፣ አይመታም።

ፍሎይድ ሜይዌዘርን የሚያመጡብኝ አሉ፤ 50 አሸንፎ 27 በዝረራ። እሱ ላይ የእጁ ጉዳት አለ፣ ሚዛን እየጨመረ መሄዱ አለ፣ ከሁሉም በላይ አለመመታትን መውደዱ አለ። ሲያስፈልገው ግን ይመታ ነበር። በ2007 ሪኪ ሃተን በአሥረኛው ዙር ዘሎ ሲገባ ግራ ሁክ ቀድሞት ጠበቀው፤ ሃተን በራሱ ፍጥነት የሪንጉ ጥግ ላይ ሄዶ ተጋጨ። በ2011 ደግሞ ቪክቶር ኦርቲዝ እጁን አውርዶ ወደ ዳኛው ሲያይ በሁለት ቡጢ ተኛ። ጨዋነት አይደለም ትል ይሆናል፣ እኔም ያን ያህል አልወደድኩትም፣ ሕጉ ግን ይፈቅዳል። ያላየው ቡጢ መሆኑን ግን አስተውል።

የሚዛኑን ነገር ማኒ ፓኪያኦ ላይ ታየዋለህ። በ48 ኪሎ ገደማ ጀምሮ በስምንት ሚዛኖች ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በ2009 ያንኑ ሃተንን በሁለተኛው ዙር በአንድ ግራ አስተኛው፣ በዚያው ዓመት ሚጌል ኮቶን አስቆመ። ከዚያ በኋላ እስከ 2018 ድረስ አንድም ሰው አልዘረረም። እጁ አልዘገየም፤ ከፊቱ የሚቆሙት ሰዎች በተፈጥሮ ትልልቅ ሆኑበት። ፍጥነት ክብደትን ይካሳል፣ ግን እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ጃፓናዊው ናኦያ ኢኖዌ ከ49 ኪሎ እስከ 55 ኪሎ ሲወጣ ዝረራውን ይዞ ነው የወጣው፣ ስለዚህ ለሁሉም አንድ አይደለም።

ገጠር ያደገ፣ እንጨት የፈለጠ ልጅ ይመታል ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ምሳር ይዞ ያደገ ልጅ ወገቡም፣ ክንዱም፣ መጨበጡም ሌላ ነው። እንጨት መፍለጥ በቦክስ ዓለም የቆየ ልምምድ ነው፤ አሊ ራሱ ዲር ሌክ በሚባለው ካምፑ ዛፍ ይቆርጥ ነበር። ችግሩ ምሳር ከፍ ብሎ ተነሥቶ ነው የሚወርደው። ያ ልጅ ሪንግ ውስጥ ሲገባም ቡጢውን እንደዚያው አንሥቶ ይልከዋል። ከቢቸናም ከሞጣም የመጡ ድንጋይ የሚሰብር እጅ ያላቸው ልጆች አይቻለሁ፣ ቡጢያቸው ከመነሣቱ በፊት ተቃራኒው ወጥቶ ሄዷል። ጉልበቱ አለ፣ የሚቀረው መደበቁ ነው። ከተማ ካደገው ፈጣን ልጅ ይልቅ ለእንዲህ ያለው ቶሎ ይስተካከልለታል ብዬ አምናለሁ።

እጄ ፈጣን ነው ግን አይመታም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ተረከዝህን አሳየኝ።

ቀልድ አይደለም። በቅርቡ አንድ ልጅ ከረጢት ሲመታ እያየሁ ነበር። ከረጢታችን ማዳበሪያ ደርበን ጨርቅና ጭድ የሞላንበት ነው፣ ታቹ በጊዜ ብዛት ጠጥሯል። ልጁ እጁ አይታይም፣ እንደዚያ ይፈጥናል። ቀኝ ተረከዙ ግን መሬት ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፣ ዳሌው ወደ ጎን እንዳየ ነው። ከረጢቱ ጧ ጧ ይላል፣ ጭዱ ግን አይሰረጎድም። «ተረከዝህን ወደ ውጭ አዙረው፣ ሲጋራ እንደምታጠፋ» አልኩት። አራተኛው አምስተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ፣ ጧ የነበረው ድም ሆነ፣ ማዳበሪያው መሃሉ ላይ ጎደጎደ። የእጁ ፍጥነት ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ቡጢህን መንገድ ላይ አትጨብጠው፤ ልል ይሁን፣ ሊያርፍ ሲል ብቻ ይጨበጥ። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ክንድ አይመታም፣ ትንሽ ሳይዘረጋ ማረፍ አለበት፤ ስለዚህ ግማሽ እርምጃ ቅረብ። ሲያርፍ ትንፋሽህን በጥርስህ መሃል «ጽስ» አድርገህ አውጣ፣ ሆድህ ራሱ ይጠነክራል። እጅህን ከመላክህ በፊት ወደ ኋላ መሳብን ደግሞ ርግፍ አድርገህ ተው። እግርህን ለማጠንከር ጂም ያስፈልገኛል አትበለኝ፤ ገመድ ዝለል፣ የቤዛዊትን ኮረብታ ሽቅብ በአጫጭር ሩጫ ውጣ። ደብረ ማርቆስ ያለኸው ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ፍጥነትህን እስከ ሦስተኛው ዙር የምታቆየው በሳንባ መሆኑን አትርሳ።

ከረጢት ውስጥ አሸዋ የምትሞሉ ልጆች፣ ኧረ ተዉ። አሸዋ ወደ ታች ይወርድና ድንጋይ ይሆናል፣ አንጓችሁን ይጨርሰዋል። ፋሻ ሳትጠቀልሉም አትምቱ።

ዱምቤል ይዞ ሻዶ (ያለ ተቃራኒ አየር ላይ መምታት) መሥራት ያፈጥናል?

አያፈጥንም። ዱምቤል ወደ መሬት ነው የሚስበው፣ ቡጢ ወደፊት ነው የሚሄደው። ትከሻህ ይደክማል፣ አመልህም ይበላሻል። ከባድ ኳስ ግድግዳ ላይ በሁለት እጅ መወርወር ይሻላል።

ሴት ነኝ፣ ፈጣን ነኝ፣ «ሴት አትዘርርም» ይሉኛል።

በሴቶች ፕሮፌሽናል ቦክስ ዙሩ ብዙ ጊዜ 2 ደቂቃ ነው፣ የወንዶቹ 3። ተቃራኒሽን አድክመሽ ልትጥያት ስትይ ደወል ይደወላል። የዝረራው ቁጥር የሚያንስበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቴክኒኩ ላይ የተለየ ምክር የለኝም፣ ተረከዝሽን አዙሪ።

ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ፈጣን ልጅ ቀለል አድርጎ ይመታል ብዬ ያለ ጭንቅላት መከላከያ ብገባስ?

አትግባ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ የሚለው ቀላል የመሰለው ያልታየ ቡጢ አደገኛ ነው ነው። የጥርስ መከላከያም ግዴታ ነው። መከላከያውም ቢሆን ከቁስል እንጂ ከመናጥ ሙሉ በሙሉ አያድንም። በአማተር ሕግ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተዘረረ ሰው ቢያንስ 30 ቀን አይጋጠምም፣ ስፓሪንግም አይገባም። «ደህና ነኝ ጋሼ» ብሎ በሦስተኛው ቀን ጓንት የሚያጠልቅ ልጅ አለ፤ እናቱ ጋ ነው የምደውለው።

ከውጭ ሆኜ ስመለከት የሚመታውን ፈጣን ከማይመታው እንዴት ልለይ?

እሱን አትይ፣ ተቃራኒውን እይ። በመጀመሪያው ዙር ወደፊት ይመጣ የነበረ ሰው በሁለተኛው ግማሽ እርምጃ ራቅ ብሎ መቆም ከጀመረ፣ ጃብ ለመጣል ካመነታ፣ ክርኑን ወደ ጎኑ ካስጠጋ፣ የሆነ ነገር ተሰምቶታል ማለት ነው። የማይመታ ፈጣን ከሆነ ግን ተቃራኒው ፊቱ እየቀላም ቢሆን ዝም ብሎ ይገባበታል። ድምፁን ግን አትመን። ስፖንጁ የሳሳ አሮጌ ጓንት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሁሉንም ቡጢ ከባድ ያስመስላል፣ ክንድ ላይ ያረፈውንም ጭምር።